ቻርኮን «ጨርቅ» ብዬ የሰማሁ ቀን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ከሞት ስለተረፍኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈጣሪዬን አመስግኜ እስካሁን እረሳው ነበር። ያልረሳሁት ያተረፈችኝን ሴት በሰው ፊት ስለሰደብኳት፣ ስድቡን ለመደበቅ የተናገርኩት ውሸትም ምንም የማያውቅ ሰው ላይ ስላረፈ ነው።

ነቀምቴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ እዚያው ተወልጄ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ስወጣ ኦሮምኛ እያወራሁ ነው ያደግኩት። እናቴን ይዤ ነቀምቴ ከገባሁ ዓመታት ሆኖኛል። በዚያ ክረምት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለአዋላጅ ነርሶች ሥልጠና የምትሰጥ እንግዳ አስመጥቶ አስተርጓሚ ይፈልጋል ተባለና ተቀጠርኩ።

እንግዳዋ ሉሲያ ትባላለች። ከኮሎምቢያ የመጣች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት አዋላጅ ናት። የአፍ መፍቻዋ ስፓኒሽ ነው። እንግሊዝኛን እንደ እኔው በትምህርት ስለሆነ የምታውቀው፣ ቃል ሲጠፋን ሁለታችንም በእጃችን ነበር የምንጨርሰው። እሷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ እኔ እንደ ሰሚው ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ አማርኛ እመልሳለሁ።

አዲስ ቃል መያዝ ትወዳለች። ከኪሷ የማትለይ ትንሽ ደብተር ነበረቻት። የሰማችውን ቃል በራሷ ፊደል ትጽፍና ትርጉሙን እኔን ጠይቃ አጠገቡ ታሰፍራለች። በመጣች በሳምንቷ ቅዳሜ ገበያ ወጥተን፣ ሕፃን አጠቀላለል ለማሳየት የሚሆን ጨርቅ ከአንድ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ገዛን። «ጨርቅ» የሚለውን ቃል የያዘችው ያን ቀን ነው። «ቅ» አልወጣ ብሏት «ጨርኮ» ስትል ነጋዴውም እኔም ሳቅንባት። እሷም አብራን ሳቀች።

ሰኞ ጠዋት ወደ ኡኬ ሄድን። ከነቀምቴ ወጣ ብላ መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሌሊቱን ከባድ ዝናብና ንፋስ ስለነበር አካባቢው ሁሉ ጨቅይቷል። ሾፌራችን ኦቦ ገመቹ መኪናው ጭቃው ውስጥ እንዳይቀረቀር አስፋልቱ ዳር አቆሙትና፣ እኔና ሉሲያ ወደ ውስጥ በእግር ገባን። እኔ የሥልጠናውን ወረቀትና አሻንጉሊት የያዘ ካርቶን ታቅፌያለሁ። ካርቶኑ እስከ አገጬ ስለሚደርስ እግሬን እንኳ በደንብ አላይም። እሷ ቦርሳዋን አንግታ ከኋላዬ ትከተለኛለች።

አንዲት ሻይ ቤት ፊት ለፊት ስንደርስ መንገዱ መሐል ትልቅ ውሃ አቁሯል። በዳር በኩል ልዞረው ስል ንፋስ መጣና የራሴን ሻርፕ ገፎ ውሃው ጠርዝ ላይ ጣለው። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። ራሴን ተገላልጬ በሰው ፊት መቆም አልወድም። ካርቶኑን በአንድ እጄ ደግፌ ሻርፑን ለማንሳት ጎንበስ አልኩ።

ያን ጊዜ ሉሲያ ከኋላዬ ጮኸች። «ቻርኮ! ቻርኮ!»

እኔ የሰማሁት «ጨርኮ» ነው። ጨርቅሽ ወደቀ እያለችኝ መሰለኝ። እንዲያውም ቃሉን በቦታው ስለተጠቀመችበት በልቤ አድንቄያታለሁ። በእንግሊዝኛ «አይቼዋለሁ» አልኳትና እጄን ዘረጋሁ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ኮቴ ከኋላ ተይዞ መጎተቴን ነው። በጀርባዬ ጭቃው ላይ ወደቅኩ። እሷም አብራኝ ወደቀች። ካርቶኑ ተገልብጦ ወረቀቱ ተበተነ፣ አሻንጉሊቱም በፊቱ ተደፋ። በረንዳው ላይ የነበሩት ሳቁ።

ራሴ ተገልጦ፣ ቀሚሴ ጭቃ ሆኖ፣ ሰው እየሳቀብኝ ስነሳ ደሜ ፈላ። «እብድ ነሽ እንዴ! እብድ!» አልኳት በአማርኛ። አንዴ ብቻም አይደለም ያልኩት። እሷ ክንዴን እንደያዘች ቀረች። ፊቷ ወረቀት መስሏል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ግን በእንግሊዝኛ አንድም ቃል አልወጣትም። በጣቷ ወደ ላይ ታሳየኛለች። እኔ ግን እጇን ከላዬ ለማስለቀቅ ስታገል ወደምታሳየኝ አላየሁም።

በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት እናት ሁለት በግ እየነዱ ከወዲያ ማዶ መጡ። ፊት የነበረው በግ ውሃው ውስጥ ገባ። ሁለት እርምጃ ያህል እንደሄደ ቀጥ ብሎ ደረቀና ድምፅ ሳያሰማ በጎኑ ወደቀ።

ቀና ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ንፋሱ የእንጨቱን ምሰሶ አጋድሎት፣ አንድ ሽቦ ተበጥሶ ጫፉ ውሃው ውስጥ ገብቷል። መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ አድሮ የመጣው ገና በዚያች ሰዓት ነበርና ማንም ልብ አላለውም።

አሮጊቷ በጋቸውን ሊያነሱ ሮጡ። ሉሲያ በስፓኒሽ ጮኸች። እኔም በድንጋጤ መጀመሪያ የጮኽኩት በአማርኛ ነው። እሳቸው አልሰሙኝም ወይም አልገባቸውም። ወዲያው በኦሮምኛ «ሃርሜ፣ ዳባዳ!» አልኩ፤ እናቴ ይቁሙ ማለት ነው። ውሃው ሊደርሱ ሦስት እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። ከዚያ በረንዳው ላይ ሲስቁ የነበሩት ሰዎች ተሯሩጠው መጡና ውሃውን ከበው ሌላ ሰው እንዳይጠጋ ጠበቁ። አንዱ ስልክ ደወለ፣ ጥቂት ቆይቶም መብራቱ ተቋረጠ። አሮጊቷ አንዴ በጉን አንዴ እኛን እያዩ ቆመው ቀሩ።

ሥልጠናውን በጭቃ ልብሳችን ሰጥተን ዋልን። እኔ የምናገረው ከአፌ ይወጣል እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ያ በግ ሲደርቅ ነበር የሚታየኝ። ይቅርታ ልላት ብዙ ጊዜ ቃጣሁና ሰው መሐል ነን እያልኩ ተውኩት።

ወደ ነቀምቴ ስንመለስ መኪና ውስጥ እሷ ራሷ ወሬ ጀመረች። በጣም ስትደነግጥ እንግሊዝኛው ሁሉ እንደጠፋባት፣ በልጅነቷ አንድ ጎረቤታቸው እንደዚሁ ሽቦ በገባበት ውሃ ሲሞት እንዳየች ነገረችኝ። ስትጮኽ የነበረችው ምን ብላ እንደሆነ ጠየቅኳት። ጨርቅ መስሎኝ እንደነበር ስነግራት ደግሞ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ቻርኮ በእነሱ ቋንቋ ዝናብ አባርቶ መንገድ ላይ የሚቀር ውሃ ነው አለችኝ። ሐይቅ አይደለም፣ ኩሬም አይደለም፤ ፀሐይ ከወጣ የሚደርቅ፣ ልጆች የሚዘሉበት ውሃ ነው። ግን ሌላም አገባብ አለው። አንድ ሰው ከአገሯ ተነስቶ ትልቁን ውቅያኖስ ካቋረጠ «ቻርኮውን ተሻገረ» ይሉታል። እናቷ በስልክ ስታገኛት «ከቻርኮው ወዲያ ዝናብ አለ?» እያለች ነው የምትጠይቃት። ያን ያህል ውቅያኖስ እንዴት በመንገድ ላይ ውሃ ስም ይጠራል ብዬ ስጠይቃት፣ «በትልቅ ስሙ ከጠራነው ማን ይሻገረዋል?» አለችኝ።

እናንተስ ምን ትሉታላችሁ አለችኝ። ኩሬ ልላት አሰብኩ፤ ኩሬ ግን ከብት የሚጠጣበት፣ የሚቆይ ውሃ ነው። ያቆረ ውሃ እንላለን አልኳት። ኦቦ ገመቹም በኦሮምኛ «ቢሻን ኩፋሜ» ማለት ይቻላል፣ የተጠራቀመ ውሃ ማለት ነው አሉ። አንድ ቃል የሆነ ስም ግን ለእሳቸውም ለእኔም አልመጣልንም። ሉሲያ ሁለቱንም በደብተሯ ጻፈች።

ጽፋ ስትጨርስ ደብተሯን ሳትዘጋ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ስትወድቂ ያልሽኝ ቃል ምን ማለት ነው? እብድ ነው ያልሽው?»

ኦቦ ገመቹ በመስታወቱ አዩኝ። ስድቡን እዚያ ሆነው ባይሰሙም ቃሉን ያውቁታል። ጠዋት ሕይወቴን ላተረፈች ሴት እብድ ብዬሻለሁ ማለት አቃተኝ። «ደነገጥኩ ማለት ነው» አልኳት። «እብድ፣ ደነገጥኩ» እያለች ጻፈችው። ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ስንደርስ መኪናው አጠገብ ቆየት አሉና በኦሮምኛ፣ ልጄ ይህን ነገር ነገ ጠዋት አስተካክይው አሉኝ። እሺ አልኳቸው። በማግስቱ ግን ሥራ በዛ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራ አልነበረም የያዘኝ። ካሳለፍኩት በኋላ መልሼ ማንሳቱ ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ።

ሐሙስ ዕለት ነቀምቴ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ አዋላጆች በተሰበሰቡበት ነበርን። ከነሱ መሐል ትልቋ ሲስተር ጫልቱ ናቸው። ብዙ ዓመት ያዋለዱ፣ ቁጥብ፣ ሲናገሩም ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ኦላና የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። ቀን ቀን በከተማው ይዞራል፣ የማያውቀው የለም። ልጆች ይከተሉታል። እኔ ራሴ ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር።

ሉሲያ ከሲስተር ጫልቱ ጋር ፊት ለፊት ቆማ የሕፃን አያያዝ እያሳየች ሳለ ንፋስ መስኮቱን በኃይል አላተመው። ሁላችንም ክው አልን። ሉሲያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ የሲስተር ጫልቱን ዓይን እያየች፣ ፈገግ ብላ «እብድ!» አለች።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ሲስተር ጫልቱ የያዙትን አሻንጉሊት ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ሉሲያ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባት። አነጋገሬን አበላሸሁት እንዴ በሚል አስተያየት ወደ እኔ ዞረች። እኔም አፌን ከፈትኩ። ልል ያሰብኩትን አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ቃሉ በስፓኒሽ ሌላ ትርጉም አለው ልል ነበር። ማንም አያውቅብኝም ነበር። «በእሷ ቋንቋ…» ብዬ ጀመርኩ። ሉሲያ ግን ደብተሯን ይዛ እያየችኝ ነበር፤ የምላትን ልትጽፍ። መቀጠል አልቻልኩም።

ሁሉንም ነገር ተናገርኩ። ኡኬ ላይ የሆነውን፣ የሰደብኳትን፣ መኪና ውስጥ የዋሸኋትን፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ ለሲስተር ጫልቱ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ለሉሲያ፣ የቃሉን ትርጉምና የኦላናንም ነገር ጨምሬ። ሲስተር ጫልቱ እስክጨርስ ሰምተው «እንቀጥል» አሉ። ሉሲያም ቀጠለች፣ እኔም ማስተርጎሜን ቀጠልኩ። እስከ ማብቂያው ግን አንድ ጊዜም ወደ እኔ አልዞረችም።

ሰው ከወጣ በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ከፍታ ያን መስመር ትሰርዝ ነበር።

«ለእኔ ያልሽው ምንም አይደለም፤ ደንግጠሽ ነበር» አለችኝ። «ግን በእኔ አፍ ሌላ ሰው አሰደብሽ። እዚህ አገር ቃል የምቀበለው ከአንቺ ብቻ ነው። ትክክል መሆኑን የማጣራበት ሌላ ሰው የለኝም።»

ከዚህ ሁሉ የጎዳኝ ይህ አነጋገሯ ነው። አልተቆጣችም። ዝም ብላ እንዳለ ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ሲስተር ጫልቱ ቤት እንድወስዳት ጠየቀችኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሄድን። ኦላና በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ፀጉሩም ታጥቦ ገና አልደረቀም። መንገድ ላይ ከማየው ሰው ጋር አንድ አልመስል አለኝ። ሉሲያ ጎንበስ ብላ «አካም ጅርታ» አለችው፤ እንደምን አለህ ማለቷ ነው። እሱም አንገቱን ሳያቀና በዝግታ መለሰላትና እንድትቀመጥ ፈቀቅ አለላት። አጠገቡ ተቀመጠች።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሲስተር ጫልቱ ወጥተው እጃችንን ጨበጡን። ሉሲያ ይቅርታዋን ስትናገር አስተረጎምኩ። ሰምተዋት እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ተናገሩኝ። ከእኔ ጋር አማርኛ አውርተው ስለማያውቁ፣ በደንብ እንዲገባኝ ብለው እንደሆነ አወቅኩ።

«እሷ ምንም አላጠፋችም፣ አታውቅም። እኔ የማዝነው በሚያውቀው ሰው ነው። ስትናደዱም እሱን፣ ስትቀልዱም እሱን ነው የምትጠሩት። ኦላና ግን ማንንም ሰድቦ አያውቅም።»

«ይቅር ይበሉኝ ሲስተር» አልኩ። «ተቀመጪ ሰዓዳ» አሉኝ። ስሜን የሚያውቁ አልመሰለኝም ነበር። ከኦላና በዚያኛው በኩል ባለው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ መጣልን። ሉሲያ ሻዩን እያሳየች ስሙን ኦላናን ጠየቀችው፤ እሱም «ሻሂ» አላት። ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ትርጉሙን እኔን አልጠየቀችኝም።

ሥልጠናው በነሐሴ መጨረሻ አለቀ። እስከዚያ ድረስ አብረን ሠራን፣ እየቆየም እንደ ድሮው ማውራት ጀመርን። ቃል ስትጠይቀኝ ግን አንዳንዴ ኦቦ ገመቹንም ደግማ ትጠይቃቸዋለች። አልከፋኝም፣ እኔ ብሆንም እንዲሁ አደርግ ነበር። ልትሄድ ስትል አቅፋኝ ቻርኮውን ስሻገር አስብሻለሁ አለችኝ።

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ሽቦውና ስለ በጉ ነው። እኔ የማስበው ግን መኪና ውስጥ ስላለፈችው አንዲት ደቂቃ ነው። እሷ እውነተኛውን ቃል ነገረችኝ፣ እኔ ሐሰተኛውን ሰጠኋት። የማያውቅ ሰው ትርጉም ሲጠይቀኝ ያ ጥያቄ ምን ያህል አደራ እንደሆነ ከዚያ በፊት አልገባኝም ነበር። አስተማሪ ሆኜ እንኳ።

እብድ የሚለውን ቃል ከአፌ ለማውጣት እየታገልኩ ነው። ቀላል አይደለም። ክፍል ውስጥ ልጆች ሲረብሹ ጫፍ ላይ ይደርስና እውጠዋለሁ። አንዳንዴ ሳላስበው ያመልጠኛል፤ ያን ቀን ሙሉ ደስ አይለኝም።

ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ከኦላና ጋር በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንገናኛለን። አሁን መንገድ አልቀይርም። ቆሜ በስሙ ጠርቼ ሰላም እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ዝም ብሎኝ ያልፋል። ሲመልስልኝ ግን ቀስ ብሎ፣ የእናቴን ደህንነት ሁሉ ይጠይቀኛል።